እንሶስላን ማድረቅ፦ ከደብረ ማርቆስ የክረምት ሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 14

የዘንድሮው የክረምት ሥራዬ እንሶስላ ነው። በጨሞጋ ዳርና ከጮቄ በሚወርዱት ጅረቶች ጥላ ሥር የሚበቅሉትን የዚህ ወገን ዕፅዋት ሰብስቤ፣ አድርቄ፣ በወረቀት ላይ ለጥፌ፣ ተማሪ ያለ አስተማሪ እርዳታ የሚሠራበት መለያ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤታችን ያለው የደረቀ ናሙና ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍና ጥቂት ሣር ነው፤ ለመድረቅ እሺ ያለው ሁሉ ተሰብስቦ እምቢ ያለው ቀርቷል። ከእምቢተኞቹ ዋነኛው እንሶስላ ነው። ግንዱ ውሃ የሞላው፣ አበባውም በእጅ ሲነኩት የሚሟሽሽ ተክል ነው።

በሳይንሱ ወገኑ ኢምፓቲየንስ ይባላል፤ አስተኔው፣ ማለትም ተዛማጅ ወገኖችን አንድ ላይ የሚይዘው ምድብ፣ ባልሳሚናሴ ነው። በዓለም ላይ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ የሚበዙት በአፍሪካ ሞቃታማ ደጋዎች፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብ ሕንድና በስሪ ላንካ፣ በምሥራቅ ሂማሊያና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይገኛሉ። የሚገርመው አስተኔው ከዚህ ግዙፍ ወገን ሌላ ያለው አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም ሃይድሮሴራ የሚባል፣ አንዲት ዝርያ ብቻ ያለው፣ በእስያ ረግረግ ውስጥ የሚኖር ተክል ነው። አንዱ ወንድም ሺህ ልጅ ሲወልድ ሌላው በአንድ ልጅ ቀርቷል።

በአገራችን በዱር የሚታወቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ነጭ አበባ ያለው ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ፣ ማለትም እናቶቻችን የሚሞቁት ዋናው እንሶስላ፤ ቀይ አበባ ያለውና ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ኢምፓቲየንስ ሮቲ፤ ሐምራዊ መልክ ያለው ትንሹ ኢምፓቲየንስ ሆክስቴቴሪ፤ ደግሞም ኢምፓቲየንስ ኢትዮፒካ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት አገሪቱን የከፋፈላት በቀድሞዎቹ ክፍለ ሀገራት ስለሆነ ጎጃም በዚያ ውስጥ የራሷ ክልል አላት። ለእኔ ምቹ ነው፤ የማገኘውን ከየትኛው ክልል ዝርዝር ጋር እንደማመሳክር አስቀድሜ አውቄዋለሁ።

ሰኔ 18

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የእንሶስላ ሥር ገዛሁ። ሻጯ ጠና ያሉ እናት ናቸው፤ ቅመማ ቅመም፣ ጦስኝና ድንብላል በትንንሽ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ሥሩን በስተጥግ ከምረውታል።

«ነጩ ነው ቀዩ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ውስጡ ነው የሚቀላው እንጂ ላዩማ እንደምታየው ነው ልጄ።»

«አበባውን ማለቴ ነው።»

«እኔ ሥሩን እንጂ አበባውን የት አየሁት! ቆፍረው ያመጡልኛል፣ እሸጣለሁ። ሰርግ አለብህ እንዴ?»

ሰርግ የለብኝም። ጥያቄው ግን ሥራዬን በሙሉ የያዘ ነው። ያበጠው ሥር ከተቆፈረ በኋላ ዝርያውን የሚናገር ነገር አይቀርበትም፤ ቡናማ ልጥ፣ ሲቆረጥ የሚቀላ ሥጋ፣ ያ ብቻ ነው። የሂና ቅጠል እጅን የሚያቀላበት ላውሶን የተባለው ውህድና የቅርብ ዘመዶቹ በዚህ ወገን ዕፅዋት ውስጥም አሉ፤ ስለዚህ ቀለሙ ራሱ ለመለያ አይበቃም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከገዛሁት ውስጥ ቡቃያ ያለውን መርጬ በጓሮው ጥላ ሥር፣ የበሰበሰ ቅጠል በበዛበት አፈር ቀበርኩት። ሲያብብ ማንነቱን ይናገራል።

ሐምሌ 9

ጓሮ ያለው በቅሏል። እንሶስላ በጋውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ላዩ ጠውልጎ ይጠፋና ዝናብ ሲጸና ከሥሩ እንደገና ይነሳል። ለዚህ ነው በየካቲት ጨሞጋ ዳር የሄደ ሰው እንሶስላ የለም ብሎ የሚመለሰው። ቆፋሪዎች ግን ቦታውን ያውቁታል፤ ካለፈው ክረምት በደረቀ ግንድ ምልክት አድርገው በበጋ ይቆፍሩታል። ሥሩን ጨርሶ የወሰደ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ በቀር ምንም አልተወም። አንገቱን ከቡቃያው ጋር ቆርጦ መልሶ መቅበር ግን ምንም አያስከፍልም፤ ይህን ለሚቆፍር ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ነሐሴ 18

ፍልሰታ እስኪፈታ ጠብቄ ነበር። በጾሙ ሱባኤ የያዘው ሰው ብዙ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ የዕፅዋት መጭመቂያ ተሸክሞ መዞር ደስ አይልም። ዛሬ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ ገባሁ። አባ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥር ትነቅላለህ?» ከቅጥሩ ውስጥ ሥር እንደማልነቅል፣ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ እንደምቆርጥ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ግባ» አሉኝ።

ጥዱንና ወይራውን አልፎ፣ እሸውና ዋንዛው ጥላ ወደሚያበዙበት ወደ ምንጩ ስወርድ እንሶስላው ወገብ ድረስ ቆሟል። ግንዱ አረንጓዴ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ በውስጡ የውሃ መስመሮቹን በዓይን መከተል ይቻላል። ቅጠሉ ተራ በተራ ይወጣል፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ከጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ቀይ ተረጭቶበታል። ረፋድ ላይ ሽታ አልነበረውም። አመሻሹ ላይ በዚያው ስመለስ ግን ከመንገዱ ላይ ሆኜ ሸተተኝ።

ነጭነቱ፣ የማታ ሽታውና ከአበባው ኋላ እንደ ቱቦ የወጣው ረጅም ጭራው አንድ ላይ ሲታዩ አበባው የማንን እግር እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው። ረጅም ምላስ ያላቸው ትልልቅ የእሳት ራቶች ብቻ ናቸው ጭራው ጫፍ ላይ ያለውን የአበባ ማር የሚደርሱበት። ንብ ብትመጣ ደጁ ላይ ቆማ ነው የምትመለሰው።

ነሐሴ 19

ዛሬ ሙሉ ቀን አንድ አበባ መፍታት ነበር ሥራዬ። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የዚህ ወገን ምደባ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ተማሪም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ተማሪ ፔታል፣ ማለትም ቀለም የያዘውን የአበባ ቅጠል፣ ቁጠር ቢባል «ሦስት» ይላል። አምስት ናቸው። ላይኛው ብቻውን ነው፤ የቀሩት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ከሥራቸው ስለተጣበቁ ግራና ቀኝ እንደ አንድ ይታያሉ። በመርፌ ጫፍ መጣበቂያውን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርዱ አንዱ ከላይ ትንሽ፣ ሌላው ከታች ሰፊ ሆኖ ይለያያል። የትንሹና የሰፊው መጠን ንጽጽር በየዝርያው ይለያያልና ሁለቱንም በማስመሪያ ለካኋቸው።

ሴፓሎቹ፣ ማለትም እምቡጡን ከውጭ የሚሸፍኑት ቅጠሎች፣ ደግሞ የባሰ ያታልላሉ። በጎን ያሉት ትንንሽና አረንጓዴ ስለሆኑ በሌንስ ካልፈለጓቸው አይታዩም። በዚህ ወገን ውስጥ በአብዛኛው ሴፓሎቹ ሦስት ናቸው፣ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች አምስት። ታችኛው ግን ከፔታሎቹ ጋር ተመሳስሎ፣ ቀለም ይዞ፣ አፉ ሰፊ ሆኖ ይጀምርና እየጠበበ ወደ ጭራው ያልፋል። ጭራ የምለው ይህን ቀጭን ባዶ ቱቦ ነው። የለካሁት አበባ ጭራው 9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አበባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና ሳደርገው ማሩ በጫፉ በኩል የት ድረስ እንደሞላ በውጭ ይታያል።

«ታችኛው» ማለቴም ለዓይን ነው። እምቡጡ ሲያድግ የአበባው ዘንግ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ አሁን ታች ያለው ሴፓል መነሻው ላይ ላይኛው ነበር። ዘንጉን በሌንስ ስመለከት ጠመዝማዛ መስመሩ ይታያል።

አሁን ወደ መካከሉ። አምስቱ የወንዴ ክፍሎች በላያቸው ተያይዘው አንድ ቆብ ይሠራሉ፤ ቆቡ የሴቴውን ጫፍ ከድኖ ይይዘዋል። አበባው ሲከፈት መጀመሪያ ወንድ ነው፤ ብናኙን ለመጣው ሁሉ ያድላል። ከዚያ ቆቡ እንዳለ በአንድነት ይወድቃል፣ ከሥሩ የነበረው የሴቴው ጫፍም ይገለጣል፤ አበባው ሴት ይሆናል። በአንድ ዘለላ ላይ ወንድ የሆነውና ሴት የሆነው ጎን ለጎን ተንጠልጥለው አየሁ። በመርፌ ቆቡን ከቀደምት አበባ ላይ ሳነሳው እንደ ካህን ቆብ ሳይቀደድ ተነሳልኝ።

በመጨረሻ የዘር ቤቱን በምላጭ አግድም ቆረጥኩት። አምስት ክፍሎች አሉት። ይህ ቁጥር ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዘረ መልና በአካል ቅርጽ ላይ ተመሥርቶ የወጣው የወገኑ አከፋፈል ኢምፓቲየንስን በሁለት ንዑስ ወገን ይለየዋል። አንዱ ክላቪካርፓ ሲሆን በአብዛኛው የደቡብ ቻይናና የአካባቢው ነው፤ የዘር ቤቱ አራት ክፍል ያለው፣ በየክፍሉም አንድ ዘር የሚይዝ ነው። ባለ አምስት ክፍሉ ሌላው ነው፣ የእኛውም እዚያ ይገባል። በምላጭና በሌንስ እዚህ ድረስ መድረስ መቻሉን ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ነሐሴ 22

የማድረቁ ነገር።

እንዲሁ በጋዜጣ መካከል አድርጎ መጭመቅ ለዋንዛ ይሆናል፤ ለእንሶስላ አይሆንም። ግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ጋዜጣውን አርሶ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፤ አበባው ደግሞ ሰባራ ቀለም ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ሌላም ጣጣ አለ፤ ውሃ የበዛበት ተክል መጭመቂያው ውስጥ ገብቶም ቶሎ አይሞትም። ሴሎቹ ሕያው ሆነው እየሠሩ ይቆዩና ቅጠሎቹን ያራግፋሉ፤ መጭመቂያው ሲከፈት ቅጠሉ ለብቻ፣ ግንዱ ለብቻ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ መግደል፣ ከዚያ ማድረቅ ነው።

አንደኛው መንገድ ቅርንጫፉን አበባውን ከውጭ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ በፈላ ውሃ ማጥለቅ ነው። ለቅጠሉ በደንብ ይሠራል። ሁለተኛው በአልኮል ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የዞረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ማድረቂያ በማይገኝበት አገር የተጠቀመበትና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ዘዴ አለ፦ ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አልኮል አርከፍክፎ፣ አየር በማያስገባ ነገር ዘግቶ ማቆየት፤ ማድረቁ ቤት ሲደረስ ይከናወናል። ማርቆስ ተቀምጦ አልኮል ቸግሮኛል ማለት ያሳፍራል። ዳግም አረቄ ገዛሁ። ጎረቤቴ ጋዜጣው ላይ ስረጨው አይታ «ጋሼ፣ ለሣሩ ነው ያጠጡት?» አለች፤ ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን አዳርሷል። ውጤቱ ግን መልካም ነው። ቅጠል አልረገፈም። ቀለሙ ይሄዳል፣ ያ የታወቀ ነው፤ ለዚህም የቀለሙን ነገር በቦታው ላይ ጽፌ፣ በስልኬም ፎቶ አንስቼ ነው የምመለሰው።

ለአበባው ግን ፈላውም አረቄውም አይበቃም። አበባውን ትኩስ እያለ ፈትቶ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ሶፍት ላይ ዘርግቶ መጭመቅ ግድ ነው። ሙሉ አበባ አንድ ከጎኑ፤ ሌላው ተፈትቶ፣ ላይኛው ፔታል፣ ጥንድ ፔታሎቹ፣ ታችኛው ሴፓል ከነጭራው፣ ቆቡ። ሶፍቱ ከናሙናው አይላቀቅም፤ ጋዜጣው ሲቀየር እሱ አብሮ ይተላለፋል። ሲደርቅ ክፍሎቹ ከምንም የሳሱ ይሆናሉ፣ ቅርጻቸው ግን ይነበባል።

ይህ ትጋት የበዛ ቢመስል የጆሴፍ ሁከርን ነገር ማሰብ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር የኪው የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ የነበረው፣ ዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ሐሳቡን በምሥጢር ያካፈለው ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1911 በ94 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ የመጨረሻ ዓመታቱን የሰጠው ለዚህ ወገን ነው። ከእስያ የመጡለትን የደረቁ አበቦች በውሃ እያራሰ፣ በመርፌ እየፈታ፣ እየሣለ። ሰብሳቢዎቹ ቦታው ላይ ያልሠሩትን ሥራ ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ሠራው።

ነሐሴ 28

የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ ተዋስኩ። የግንዱን ስስ ቁራጭ በጠብታ ውሃ ላይ አድርጌ ስመለከት በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ መርፌ መርፌ የሚመስሉ፣ በእስር የተሰበሰቡ ነገሮች አሉ። የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ናቸው።

እነዚህ መርፌዎች ስለ ዝምድና ይናገራሉ። ድሮ እንሶስላ የተመደበው በየበረንዳው ከሚተከለው ጄራኒየም ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በዘረ መል ላይ የተመሠረተው አመዳደብ ወደ ኤሪካሌስ ክፍለ መደብ አዛውሮታል፤ በዚያ ውስጥም የቅርብ ዘመዶቹ ሆነው የተገኙት ሁለት ትንንሽ የሞቃት አገር አስተኔዎች እነዚሁ መርፌዎች አሏቸው። ኤሪካሌስ ማለት ደግሞ እነማን ናቸው? ጮቄ ላይ ያለው አስታ፣ ቀጨሞ፣ እንቆቆ፣ ያ በምንጩ ላይ ጥላ የሰጠው እሸ፣ ሻይም ጭምር። መልካቸውን አይቶ ዘመድ ናቸው የሚል ሰው አይገኝም።

መስከረም 12

ወደ ጮቄ አቅጣጫ ከፍ ብዬ በአንድ ጅረት ዳር ቀዩን አገኘሁ፤ ኢምፓቲየንስ ሮቲ። ከሩቅ የሚጠራ ቀይ ነው። ጭራው ከነጩ በጣም ያጠረ ነው፤ ሽታ የለውም። የእሳት ራት ቤት አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለምና ቅርጽ ለወፍ ነው። ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላት አበባ ቀሳሚ ወፍ ዘለላው ላይ ስታርፍ አይቻለሁ።

ይህ ዝርያ የተሰየመው በዮሐንስ ሮት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር የነበረ የተፈጥሮ ተመራማሪ። ስሙን ያወጣለት ያው ሁከር ነው። የነጩ እንሶስላ ታሪክ ደግሞ ለእኛ አገር ይቀርባል። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. በ1847 ስም ያወጣለት ፓሪስ ተቀምጦ ነው፤ ለዚያ ሥራው ዋናውን ናሙና የሰበሰቡት ካርታን ዲዮንና አንቷን ፔቲ ግን ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። አንደኛው በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን እ.ኤ.አ. በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ጎጃምን ከሸዋ በሚለየው በዚያ ወንዝ ናሙና ይዞ የተሻገረ ሰው ምን እንደከፈለ፣ ዛሬ በድልድይ የምናልፍ ሰዎች ማወቅ አለብን።

መስከረም 25

ገበያ የተገዛው አበበ። ነጭ ነው፤ ጭራው ረጅም፣ ጉሮሮው ሐምራዊ። ቲንክቶሪያ ነው። ለእማማ ፎቶውን ወስጄ አሳየኋቸው፤ «ይኸ ነው እንዴ!» አሉና ለጎረቤታቸው ሻጭም አሳዩልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥር ለሚያመጡላቸው ሰዎች አንገቱን መልሰው እንዲቀብሩ መንገር ጀምረዋል፤ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው ቃል ይሰማል።

ጥቅምት 8

ፍሬው ደርሷል። የበሰለውን ፍሬ ጫን ሲሉት አምስቱ ክፍሎች ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይጠቀለሉና ዘሩ ይፈናጠራል። ኃይሉ የሚመጣው በፍሬው ግድግዳ ውስጥ በታመቀው ውሃ ነው፤ የውጩ ንብርብር ተወጥሮ የውስጡ ሲይዘው፣ መገናኛው ሲለቅ ሁሉም ይፈታል። ለናሙና ግን ይህ አደጋ ነው። የበሰለ ፍሬ ወደ መጭመቂያ ሲገባ ባዶ ጥቅልል ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ያልበሰለ ፍሬ ተጭምቋል፤ የበሰለው በወረቀት ከረጢት ውስጥ እንዳለ ተፈንጥሮ ዘሩና ጥቅልሎቹ አብረው በትንሽ ፖስታ ገብተው ከናሙናው ጋር ተያይዘዋል። ቀሪው ዘር በጓሮዬ ጥላ ሥር ተዘርቷል።

ጥቅምት 20

የመለያ ወረቀቶቹ ተጽፈዋል። ቦታው፣ ከፍታው፣ ምን ዓይነት ጥላ፣ የትኩስ አበባው ቀለም፣ የጭራው ርዝመት፣ ሽታ መኖር አለመኖሩና ሰዓቱ። ሽታውን የሚጽፍ ሰብሳቢ ብዙ የለም፤ ደርቆ ወረቀት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን የሚያሸት ሰው አይገኝም። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አድርጌያለሁ፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ ሌላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ።

መለያ ሰንጠረዡ ሲቆም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሥሩን ሳትነቅል አበባውን ተመልከት። አበባው ቀይ፣ ጭራው ያጠረ፣ ሽታ የሌለው ከሆነ ሮቲ ነው። ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ሐምራዊ፣ ጭራው ረጅምና ቀጭን፣ ማታ የሚሸት ከሆነ ቲንክቶሪያ ነው። ተክሉ አነስተኛ፣ አበባው ትንሽና ሐምራዊ ወይም ሮዝ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ከሆክስቴቴሪ ጋር አመሳክር፤ የእሱ ቦታ በስብስቡ ውስጥ ለጊዜው ባዶ ወረቀት ነው፣ ለሚመጣው ክረምት። አበባ ከሌለው ስም አትስጠው፤ ቦታውን መዝግበህ በነሐሴ ተመለስ።